ብረቱና እኔ ሙቭ ያደረግን ጊዜ

ሐኪሟ ራጁን እያየች ስትናገር ጆሮዬ የያዘው «ሙቭ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር። እኛ የሲያትል ሰዎች ደግሞ ሙቭ አደረገ ካልን ቤት ለቀቀ ማለታችን ነው። ስለዚህ ኮራ ብዬ፣ «የስ! ወደ ቱክዊላ!» አልኳት።

ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። «አባዬ፣ ስለ ቤት አይደለም! ዳሌህ ውስጥ ያለው ብረት ነው ሙቭ ያደረገው።»

«እሱ ደግሞ ያለ እኔ ወዴት ነው የሚሄደው?»

ይህንን አልተረጎመችልኝም።

ሐኪሟ ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን አደረገች፤ አንዱ ዳሌዬን በተቀደድኩ ማግስት የተነሳሁት፣ ሌላው የዚያን ቀኑ። የብረቱ ራስ ክብ ነው፤ ወርዱ ከፋብሪካው ስለሚታወቅ እሱን መለኪያ አደረገችው። ከዚያ በሁለቱም ላይ ከጭኔ አጥንት ጉብታ እስከ ብረቱ ትከሻ መስመር አሰመረች። ብረቱ የትንሽ ጣቴን ጥፍር ያህል ወደ አጥንቴ ሰምጧል። ወራት ሙሉ በብርዱ ሳሳብብ የከረምኩት ማንከስ ይኸው ነበር።

«ወድቀሃል ወይስ ከባድ ነገር አንስተሃል? ትላለች» አለች ልጄ። አሁን አትስቅም። መልሱን ታውቀዋለች።

ያነሳሁት ሶፋ ነው። ቼሪ መንገድ ላይ ሱቅ ያለው ጎረቤቴ፣ የወሎ ሰው፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በየጠዋቱ እየመጣ ክንዴን ይዞ ያራምደኝ ነበር። ኪራዩ ከብዶኝ ቤቱን ለቅቄ ከከተማው ወጣ ወዳለችው ቱክዊላ ልሄድ መሆኑን ስነግረው፣

«ጋሼ፣ ወላሂ አንድ ወንበር እንዳይነኩ! ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ በቫኔ እመጣለሁ» አለ።

«ኦኬ፣ እጠብቅሃለሁ።»

«ቃል?»

«ቃል!»

እኔ ሰው ማስቸገር አልወድም ባይ ነኝ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ሱቁን ያስዘጋ ደካማ ሽማግሌ ተብዬ መሸኘቱ አላማረኝም። ቅዳሜን ሳልጠብቅ፣ ለእሱም ሳልነግረው፣ ሐሙስ ዕለት የሶፋውን አንድ ጫፍ አማቼ፣ ሌላውን እኔ ጀግናው ያዝን። ደረጃው ላይ አንድ ነገር ሲጢጥ አለ።

«ምንድነው?» አለ አማቼ ደንግጦ።

«ሶፋው ነዋ! አርጅቷል» አልኩት።

ሐኪሟ ብረቱ ወጥቶ ረዘም ባለ እንደሚቀየር ነገረችን። እንደገና ተቀደድኩ፤ እንደ ሕፃን እንደገና መራመድ ተማርኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ክንዴን የሚይዝ ጎረቤት አልነበረም። ቱክዊላ ላይ የያዝኩት የኮሪደሩን ግድግዳ ነው።

ዳሌዬ ድኗል። የማይድነው የዚያች ቅዳሜ ነገር ነው። ሰውዬው እንደ ቃሉ ሱቁን ዘግቶ፣ ወንድሞቹን አስከትሎ መጥቶ ባዶ ቤት ሲያንኳኳ ዋለ። ሲደውል አፍሬ አላነሳሁም። ኋላ ስልኬ ላይ ድምፁን ትቶልኝ አገኘሁ፤ ቁጣ ባገኝበት ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ በሰላም ገቡ?»

ነገ ኮል አደርገዋለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ያቺ አንዲት «አዎ» እስከ ዛሬ ዕዳ ሆና አለችብኝ።