የዶርሲ ጠፍር

ዶርሲ ቫንአልስታይን የኮሌጃችንን የሴቶች ላክሮስ ቡድን ሃያ ስድስት ዓመት አሠልጥናለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ቡድኑ ለሊጉ ማጠቃለያ ውድድር አንድም ጊዜ አልደረሰም። ላክሮስ ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ኳስ እየቀለቡና እየወረወሩ ጎል የሚያገቡበት ጨዋታ ነው። እኔ አራት ዓመት በረኛዋ፣ ሦስት ዓመት ደግሞ ረዳቷ ነበርኩ፤ የማውቀውን ያህል እጽፋለሁ።

ስትመጣ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። «ለሁለት ዓመት ነው፣ ከዚያ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ» ብላ ለባሏ ቃል ገብታለት ነበር። ቢሮ እስኪገኝ ተብሎ ከመዋኛው ገንዳ ጀርባ ያለው መጋዘን ተሰጣት፤ ቢሮው ሳይገኝ ቀረና ልብሷም ፀጉሯም የገንዳ ውኃ መድኃኒት እንደሸተተ ኖረ። በየካቲት ከመሮጣችን በፊት የሜዳውን በረዶ በአካፋ የምንዝቀው እኛው ነበርን፤ ፊት ፊት የምትዝቀውም እሷ። ሹፌር ሲጠፋ አውቶቡሱን ራሷ ትነዳለች። ባሏ ዌድ ሰው ሲጋብዝ «ከየካቲት እስከ ግንቦት ሚስት የለኝም» እያለ ያስቅ ነበር። አንድ ዓመት ሰኔ ላይ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ዶርሲ ስለዚህ ስትናገር የሰማኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «ውድድሩ እስኪያልቅ ጠብቆኛል፣ ጨዋ ሰው ነው» አለች።

አዲስ ተማሪ ስትመጣ ዶርሲ ዱላዋን ትቀበላታለች። ጫፉ ላይ ያለውን፣ ኳሱ የሚያርፍበትን የፋብሪካ መረብ በመቀስ ቆርጣ ትጥልና ኪሱን በቆዳ ጠፍር እንደ አዲስ ትጠፍረዋለች። ልጅቷ አጠገቧ ተቀምጣ የጠፍሩን ጫፍ ትይዛለች። ሥራው አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ይፈጃል፤ ዶርሲም በዚያው ስለ እናቷ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለምትፈራው ትምህርት ትጠይቃታለች። ዱላው ሲያልቅ ዶርሲ ልጅቷን ታውቃታለች። እኔ ከሰው ፊት ቀና ብዬ ማውራት የማልችል ልጅ ነበርኩ፤ ያን ቀን ለእናቴ ያልነገርኳትን ሁሉ ነገርኳት። ዓይኗ ከጠፍሩ ላይ ስላልተነሣ ይሆናል።

ሌሎቹ ቡድኖች ግን ከቆዳ ወደ ናይለን ካለፉ ቆይተዋል።

«ኮች፣ ሰው ሁሉ እኮ በናይለን ነው የሚጫወተው» አለቻት አዲስ የመጣችው ማርሎ፣ በሃያ ስድስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ዱላዋን ስታስጠፍር።

«ሰው ሁሉ ደግሞ ምን ይላል?»

«ናይለን በዝናብ አይረግብም ይላል።»

«የኔን በዝናብ እኔ አጠብቅልሻለሁ። አሁን ወሬውን ተዪና ጫፉን ያዢልኝ።»

«ኮች፣ ጣቶችሽ ካሮት መስለዋል።»

«ካሮት ለዓይን ጥሩ ነው። ኳሱን እዪበት።»

ማርሎ ላም አላቢዎች ቤት ያደገች ግራኝ ናት፤ ጓደኞቿ «ወተት» ይሏታል። የዶርሲ ጣቶች ነገር ግን ቀልድ አልነበረም። ቁርጥማት ይዟቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ዶርሲ የውኃ ጠርሙስ በጥርሷ ስትከፍት አይቼ ነበር፤ ማየቴን ስታውቅ «ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። አልተናገርኩም።

ጠፍር ውኃ ሲነካው እንደ አሮጌ አልጋ ይረግባል፣ ኪሱም ይጎደጉዳል። ሕጉ ደግሞ ኳሱ ኪሱ ውስጥ ተጭኖ ሲለቀቅ አናቱ ከዱላው ጠርዝ በላይ ይታይ ይላል። ካልታየ ዱላው የተከለከለ ነው፤ ጎል ከገባ በኋላ የሌላው ቡድን አሠልጣኝ «ዱላው ይታይልኝ» ብላ ጉድለት ከተገኘበት ጎሉ ይሰረዛል። ስለዚህ ዝናብ ሲጥል ዶርሲ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሜዳው ዳር ትቆማለች፤ በየእረፍቱ የአሥራ ሁለቱንም ዱላ በየተራ እያደረቀች ታጠብቃለች።

በጥቅምት የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ፒንግሪ መጋዘኑ ድረስ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ።

«ዶርሲ፣ ቦርዱ አንድ ቡድን ሊዘጋ ነው። ያንቺ ስም ተነሥቷል።»

«ምን ላድርግ?»

«ዘንድሮ ለማጠቃለያው ድረሺልኝ። ከደረስሽ የምከራከርበት ነገር አገኛለሁ። ካልደረስሽ ባዶ እጄን ነው።»

«ሃያ አምስት ዓመት ያልሆነውን?»

«እኔስ ምን ላርግ፣ ዶርሲ?»

ሲወጣ ወደ እኔ ዞረች። «ልጆቹ እንዳይሰሙ። አንገታቸው ላይ ይህን አንጠልጥለው እንዲሮጡ አልፈልግም።»

ያን ዓመት ግን አሸነፍን። ለምን እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም፤ ማርሎ ስለነበረች ይሆናል። ሚያዝያ ማለቂያ ላይ አንድ ጨዋታ ቀረን፤ በሜዳችን፣ ከሐይቁ ማዶ ካለው ኮሌጅ ጋር። ሁለታችንም በነጥብ እኩል ነበርን፣ ለማጠቃለያው የሚያልፈው ያሸነፈ ብቻ ነው።

የማዶው ቡድን አሠልጣኝ ብሪን ቲሎትሰን ናት። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የዶርሲ አምበል ነበረች። እናቷ የሞተች ዓመት ክረምቱን ሙሉ ዶርሲ ቤት ከርማለች። በዝናብ ቀን ፎጣውን ጨምቃ የምታቀብላት እሷ ስለነበረች፣ የዶርሲ ጠፍር በስንት ደቂቃ እንደሚረግብ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ከጨዋታው በፊት ተቃቀፉ።

«ዛሬም ቆዳ ነው?» አለች ብሪን።

«አንቺስ ዛሬም ለፍላፊ ነሽ?»

ብሪን ሳቀች፣ ሰማዩንም ቀና ብላ አየች።

ዝናቡ በሦስተኛው ሩብ መጣ። በመጨረሻው እረፍት ዘጠኝ ለዘጠኝ ነበርን። ዶርሲ ዱላዎቹን በየተራ ትቀበላለች፣ ትጨምቃለች፣ ትስባለች። የማርሎ መጨረሻ ነበር። ታችኛውን ጠፍር ስትስብ ጣቶቿ ከዷት፤ ጠፍሩ ከእጇ ሾለከ። እንደገና ያዘችው፣ እንደገና ሾለከ።

«ስጪኝ፣ እኔ ላጥብቀው» አልኳት።

«እኔ የጠፈርኩትን እኔ አጠብቃለሁ።»

ዳኛዋ ፊሽካ ነፋች። ዶርሲ ያቺን ጫፍ እንዳለች ቋጠረችና ዱላውን ለማርሎ ሰጠቻት። ቋጠሮው ላላ ማለቱን አይቻለሁ። እጄን ዘርግቼ መቀበል እችል ነበር፤ ሰው ፊት ልጋፋት አፈርኩ።

ጨዋታው ሊያልቅ አርባ ሰከንድ ሲቀረው ማርሎ ሁለት ተከላካይ መሀል ሾልካ በግራ እጇ አገባች። ልጆቹ ላይዋ ላይ ተከመሩ። «ወተት! ወተት!» ይላሉ። ዶርሲ ግን አልዘለለችም፤ የማዶውን ዳር ነበር የምታየው። እኔም ዞሬ አየሁ። ብሪን እጇን አውጥታለች።

«የስምንት ቁጥር ዱላ ይታይልኝ» አለች። ወደ እኛ አላየችም።

ዳኛዋ ኳሱን ኪሱ ውስጥ አስቀምጣ በመዳፏ ተጫነችውና ለቀቀችው። ዱላውን እስከ ዓይኗ ከፍ አደረገች። ለሁለተኛ ጊዜ ተጫነችው። እኔ ከቆምኩበት ጠርዙ እንጂ ኳሱ አይታይም ነበር።

ጎሉ ተሰረዘ። ማርሎ የሰው ዱላ ተውሳ ተጫወተች፤ በጭማሪው ሰዓት ሁለተኛ ደቂቃ ላይ እነሱ አገቡብን።

መጋዘኑ ውስጥ ማርሎ ጫማዋን ሳታወልቅ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኮች።»

«ዱላውን ማን ጠፈረው?»

«አንቺ።»

«እንግዲያው ምን ታለቃቅሻለሽ?»

ማርሎ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ለከርሞ ናይለን እናድርገው። እሺ ኮች? ለከርሞ ማንም አይችለንም።»

ዶርሲ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ ፎጣውን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«እሺ» አለቻት። «ናይለን እናደርገዋለን።»

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ብሪን መጣች። ከደጁ ቆመች፣ ፀጉሯ ይንጠባጠባል።

«ግቢ እንጂ፤ ዝናብ ላይ አትቁሚ» አለቻት ዶርሲ።

«ፒንግሪን መኪና ማቆሚያው ጋ አገኘሁት። ስለ ቡድኑ አሁን ነገረኝ። ዶርሲ፣ አላወቅኩም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ባውቅ ኖሮ…»

«ብታውቂ ኖሮ ትተዪው ነበር?»

ብሪን ከፀጉሯ የሚወርደውን ውኃ በመዳፏ ጠረገች። «የኔም ልጆች አሉ» አለች። «አልተውም ነበር መሰለኝ።»

«እንደዚያ ነው ያስተማርኩሽ።»

ስትለው ድምፅዋ አልሞቀም፣ አልቀዘቀዘምም። ብሪን ልታቅፋት አንድ እርምጃ ገባችና ተወችው። ሄደች።

ቡድኑ ተዘግቷል የሚለው ደብዳቤ በግንቦት ሁለተኛ ሳምንት ደረሰ። ልጆቹን አንድ ክፍል ሰብስበው ነገሯቸው። ማርሎ አላለቀሰችም፤ ዶርሲን ብቻ አየቻት፣ «እሺ» ያለቻትን አስታውሳ ይመስለኛል። ዶርሲ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

ከእኛ ልጆች ግማሾቹ ጨዋታውን ተዉ። ብሪን ማርሎን ወደ ራሷ ቡድን ወሰደቻት። ዶርሲ አሁን የወረዳው የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ስምሪት ላይ ትሠራለች፤ ማለዳ ማለዳ ሬዲዮ ይዛ ሹፌር ትጠራለች። ሌላ ኮሌጅ አላመለከተችም። አንዴ ጠይቄያት «በነዚህ ጣቶች?» ብላኝ ነበር፤ ደግሜ አልጠየቅኩም።

መጋዘኑን በለቀቀችበት ቀን ዕቃ ላግዛት ሄጄ ነበር። ማርሎ ዱላዋን ይዛ መጣች፤ አዲሱ ቡድን ዘንድ በናይለን መሄድ አለባት። ዶርሲ ጠፍሩን በመቀስ ቆረጠችው። ከዝናቡ በኋላ ደርቆ እንደ እንጨት ጠንክሯል፣ ሲቆረጥ ይንጣጣል። የናይለኑን መረብ ማሰር ስትጀምር ማርሎ እንደ መስከረሙ አጠገቧ ተቀምጣ ጫፉን ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

«መያዝ አያስፈልግም» አለቻት ዶርሲ። «ይኼ ራሱን ችሎ ይቆማል።»

ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም። ስለ እናቷ አልጠየቀቻትም፣ ስለ እንቅልፏም አልጠየቀቻትም። ሲያልቅ ኳስ አስገብታ በመዳፏ ተጫነችው፣ ለቀቀችው፣ እስከ ዓይኗ ከፍ አድርጋ አየችው። አናቱ ከጠርዙ በላይ ይታያል።

«በቃ፣ አልቋል» አለቻት። «ውሰጂው።»