ሳንጣላ የታረቅንበት ሕዳር

መጀመሪያ ያመመኝ ጎኔን ነው። ነሐሴ ላይ ከባለቤቴ ከፈንታሁን ጋር ውኃ ውስጥ ቆመን ሩዝ ስናርም አቃጠለኝ፤ ውሎ አድሮ ውኃ ቋጠረ። ጎረቤቶቼ «አልማዝ ባለጭራ የሚሉት የቆዳ በሽታ ነው» አሉኝ። ወረታ ጤና ጣቢያ ሄጄ ታየሁ። ነርሷ ደሜን መረመረች።

ኤችአይቪ አለብኝ። ፈንታሁንም ተመረመረ። እሱ ነጻ ነው።

ከየት እንደመጣ አልጠፋኝም፤ ከፈንታሁን በፊት ያገባሁት ሰው ታሞ ነው የሞተው። ጭንቄ ሌላ ነበር፤ ወደ ፈንታሁን እንዳላስተላልፍበት።

ነርሷ «መድኃኒትሽን ዛሬውኑ ጀምሪ። የቫይረሱ መጠን እስኪወርድ በኮንዶም ተጠቀሙ፤ እሱም መከላከያ ክኒን ይውሰድ። አብሮ መብላት ግን አያስተላልፍም» አለችን።

ጆሮዬ ሰማ፤ ልቤ እምቢ አለ። ማዕዳችንን ለየሁ፤ መኝታዬን ወደ መደብ አወጣሁ። ፈንታሁን ባስነጠሰ ቁጥር እደነግጣለሁ። ግንባሩን እዳብሰውና መልሼ እጄን እፈራዋለሁ። እሱ «አንቺ ሴት፣ በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረግሽኝ እኮ» እያለ ይቀልዳል። እኔ ሳቅ ከየት ይምጣልኝ?

ሕዳር ላይ ወንፈል ጠርተን ሩዙን ስናጭድ ማጭድ ጣቴን ቆረጠኝ። ፈንታሁን እንደ ልማዱ ደሙን ሊመጥልኝ ጣቴን ወደ አፉ ወሰደ። ገፈተርኩት። ወደቀ። «አትንካኝ!» ብዬ ጮኽኩ። አጫጁ ሁሉ ቀና ብሎ አየን።

እሑድ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን መጡ፤ የንስሐ አባታችንም አብረው። አባ «ምን አድርጎሽ ነው ልጄ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉኝ ያወቁብኝ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው የሚያወሩት ስለ ጠባችን ነው። ፈንታሁን ቀደመኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው አባ፤ ይፍቱኝ» ብሎ ጉልበቴን ሳመ። «በሉ ተሳሳሙ» ሲሉን ግን ፊቴን አዞርኩ።

ምንም ያላጠፋ ሰው እግሬ ላይ ሲወድቅ ማየቱ አንገበገበኝ። በማግስቱ ለነርሷ ፍርሃቴን ሁሉ ዘረገፍኩላት። «ከደምሽ መጠንቀቅሽ ደግ ነው፤ ቁስልሽን እሰሪው። ባልሽን ከማዕድ አባሪው ያለሽ ግን ማነው?» አለችኝ። የዚያን ዕለት ከፈንታሁን ጋር ከአንድ ትሪ በላሁ፤ መድኃኒቴንም አንድ ቀን ሳላቋርጥ እየዋጥኩ፣ እሱም ክኒኑን እየወሰደ፣ ክረምት ያጠጣው ማሳ ደርቆ ሽምብራ እስኪዘራበትና እስኪነቀል ድረስ ቆየን።

ከፋሲካ በኋላ የቫይረሱ መጠን ምርመራ ውጤት መጣ። ነርሷ «ቫይረሱ በምርመራ አይታይም። መድኃኒቱን ሳታቋርጪ እንዲህ ከቆየሽ በግንኙነት አይተላለፍበትም» አለችኝ። ፈንታሁንም ዳግም ተመርምሮ ነጻ ነው።

ፈጣሪዬንና ያችን ነርስ አመሰግናለሁ። እህቴ፣ ወንድሜ፣ ፍርሃታችሁን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ብቻችሁን አትምከሩበት።

ከጤና ጣቢያው ስንወጣ ፈንታሁን «ሽማግሌ ፊት ያስቀረሽብኝ ነገር አለ» አለኝ። መንገዱ ሰው ሞልቶበታል። ጉንጩን አገላብጬ ሳምኩት።