የአረጋሽ ጠያቂዎች

ባለቤቴ አረጋሽ በሽታዋን ከሐኪም ደብቃ አታውቅም። ከጎረቤት ግን ትደብቅ ነበር። ነፋስ ስልክ፣ እኛ ሰፈር፣ አንድ ሰው መታመሙ ከተሰማ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ የእኛ ቤት ደግሞ አንድ ክፍልና አንድ መስኮት ነው።

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በነበረችን ሱቅ ሃያ ዓመት መጋረጃ ሰፍታለች። የጨርቁ ብናኝ አስሟን እንደሚያስነሳባት የገባን ዘግይቶ ነው። ማሽኑን ሸጠች፤ ምንጣፉን አወጣን፤ ከሰል ወደ ቤት መግባት አቆመ። ጠዋትና ማታ የምትስበውን መድኃኒት አንድ ቀን አላጓደለችም። ሐኪሙ ፊቱ አስቀምጦ መድኃኒቱን እንዴት እንደምትስብ ሁለት ጊዜ ፈተናት፤ ሁለቱንም አለፈች።

«ብዙ ሰው መድኃኒቱ አልሠራ የሚለው አሳሳቡን ስለሚስት ነው» አላት። «ያንቺ ግን በትክክል ተወስዶም እምቢ የሚል ዓይነት ነው። የሚያስነሳብሽን ነገር እየጻፍሽ አምጪልኝ።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ደብተሯን ገለጠው። አቧራ፣ ጭስ፣ ጉንፋን ይላል። አራተኛው ላይ «እትዬ ሙሉመቤት» ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጎረቤቴ ናቸው፤ ሽቶአቸው ነው» አለች።

እትዬ ሙሉመቤት ክፋት የለባቸውም፤ ቢኖርባቸው ኖሮ እንገላገል ነበር። በሽተኛ ሲጠይቁ ለክብሩ ሽቶ ይቀባሉ። ከዚያ አጠገቧ ይቀመጡና ይመክሯታል።

«ልጄ፣ ይሄ የምትነፊው ነገር ይለምድብሻል። ሲሻልሽ ተይው።»

«እትዬ፣ የሚሻለኝ እኮ እሱን ስለምወስድ ነው።»

«አየሽ? ለምዶብሻል!»

በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ጉንፋን አስሟን ቀሰቀሰባት። ማስታገሻውን፣ ሐኪሙ እንዳሳየን ቂጡን በበሳነው የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ በኩል እየነፋሁ ሰጠኋት፤ አልበቃትም። መስኮቱን ከፍቼላት መኪና ፍለጋ ወጣሁ። ሳሏ ግን ግድግዳ አልፎ ተሰምቶ ኖሯል፤ መኪና ይዤ ስመለስ አሥራ አንድ ሰው ቤቴ ውስጥ ተደርድሮ መስኮቱ ተዘግቷል።

የሆነውን ኋላ ነው የሰማሁት። አረጋሽ መናገር ስላቃታት በጣቷ ወደ መስኮቱ አመለከተች። «ብርዱ ነው ያስቸገራት!» ብለው እትዬ ሙሉመቤት ዘጉት። ደግማ አመለከተች። ነጠላቸውን አወለቁና ቀዳዳውን ወተፉበት። ሦስተኛ ስታመለክት የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ሞልቱ ተነስተው መስኮቱን በጀርባቸው ጋረዱላት። ብርድ የሚባል እንዳይነካት።

እኔ ስገባ ከንፈሯ መልኩን ለውጧል።

«ውጡ» አልኩ። ማንም አልተነሳም፤ ሌላ ሰው የማናግር መስሏቸዋል። ያን ጊዜ ጮህኩ፦

«ሞልቱ! ውጣ!»

ጋሽ ሞልቱ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። አሥራ አንዱም በመስመር ወጡ። አረጋሽን ተሸክሜ መኪና ውስጥ አስገባኋት። ሆስፒታል ኦክስጅን ተደርጎላት አራት ቀን ተኛች፤ ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ...» አለና አልጨረሰውም።

ሰፈሩ ግን ስለ አራቱ ቀን አላወራም። ያወራው «ጋሽ» ስለቀረው ስምና «አንተ» ስለተባለው ሽማግሌ ነው። ለቡ ድረስ ተሰማ። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ሽማግሌዎች ጉዳዩን ሊያዩ ተቀጠሩ። አረጋሽ ግን ሽምግልናው ግቢ ውስጥ ካልሆነ አልቀመጥም አለች። ጳጉሜ ላይ ስለነበር ነፋሱ ሽማግሌዎቹን እስከ አፍንጫቸው ጋቢ አስለበሳቸው። እሷ በስስ ሹራብ ተቀምጣ ትተነፍሳለች።

«መውጣቱስ ይሁን» አሉ ጋሽ ሞልቱ። «መስኮቱንም ተሳስተናል። ግን ‹ይውጡ› ቢለኝ ምን ነበረበት?»

ይቅርታ ልጠይቅ ስነሳ አረጋሽ ሹራቤን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ጋሽ ሞልቱ፣ ‹ይውጡ› ከ‹ውጣ› በአንድ ፊደል ይረዝማል። ያን ቀን ያቺን ፊደል የምጠብቅበት ትንፋሽ አልነበረኝም።»

ጋሽ ሞልቱ በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ሲቆጥሩ አየኋቸው። ሁለት፤ ከዚያ ሦስት። «እውነቷን ነው» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ቶሎ ፈረዱ፤ በርዷቸው ነበር። እኔ እግር ስሜ ይቅርታ ልጠይቅ፤ እድርተኛው ደግሞ አረጋሽን የሚጠይቀው ከግቢ ሆኖ፣ ሽቶ ሳይቀባ ይሁን ተባለ። እትዬ ሙሉመቤት በሽተኛ ያለ ሽቶ መጠየቃቸው እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል።

አረጋሽ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ኖረች። ጠያቂዎቿ ግቢ ቆመው «እንዴት አደርሽ!» ብለው ይጮኻሉ። እሷ መስኮቱ ላይ ተደግፋ፣ የእያንዳንዱን ልጆች በስም እየጠራች፣ ሳታቋርጥ ትመልስላቸው ነበር።