አባቴ የጠረጠራት መኪና

ሪሞት መኪና መሥራት ስጀምር መጀመሪያ የጠረጠረኝ አባቴ ነው።

ሶዶ ውስጥ በአንድ የሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። ከሥራ ስመለስ ልብሴን ቀይሬ ጓሮ ወዳለችው የዕቃ ክፍል እገባለሁ። አባቴ መንዳት ካቆመ የቆየ ሹፌር ነው። ቀኑን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያሳልፈው፤ ማን ምን ይዞ እንደገባ አንድም አያመልጠውም። አንድ ቀን የአሮጌ አልጋ ብረት ተሸክሜ ሳልፍ አስቆመኝ።

«ምንድነው እሱ?» አለኝ በወላይትኛ።

«ሻንሲ ነው አባዬ። በሪሞት የምትሄድ ትንሽ መኪና ልሠራ ነው።»

«ለየትኛው ልጅ?»

«ለማንም አይደለም። ለራሴ ነው።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

ልሠራ የመረጥኩት እሱ ሲነዳት የኖረውን ነጭ ፒክአፕ ነበር፤ በመጠን የእሷን አንድ አሥረኛ። ሌላ መኪና እንደ እሷ አላውቅም። ልጅ ሆኜ እያጠብኩ ነው ያደግኩት፤ የበሩ መዝጊያ የቱ ጋ እንደተጨረመተ፣ የጭነቱ ወለል ምን ያህል እንደዛገ ዓይኔን ጨፍኜ መሳል እችላለሁ። ለሞተር የተበላሸ ድሪል ፈታሁ። ድሪል ጉልበት አለው፤ ጥርሶቹም ፍጥነቱን ቀንሰው ድንጋይ ለመውጣት ይመቻሉ። መንገጫገጩን የሚያበርደውን ባሌስትራ ከጭነት ማሰሪያ ብረት ቆርጬ አጠፍኩት። ጎማዎቹን ከበረባሶ ሠሪ በወሰድኩት ላስቲክ ጠረብኩ። ሪሞቱንና መሪ የምታዞረውን ትንሽ ሞተር ከአዲስ አበባ አስመጣሁ።

ነገሩን ያከበደው እውነተኛዋ ፒክአፕ የጠፋችበት ሁኔታ ነው። አባቴ የአንድ እርሻ ፕሮጀክት ሹፌር ሳለ ወደ ሃላሌ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ከመንገድ ወጥታ ገደል ገባች። አብሮት የነበረው የእርሻ ባለሙያ እግሩ ተሰብሮ እስከ ዛሬ ያነክሳል። አባቴ «መሪው ተሰብሮብኝ ነው» አለ። የፕሮጀክቱ ቢሮ ግን «ጠጥቶ ነው» ብሎ አሰናበተው። በቤተ ክርስቲያናችን መጠጥ ቀላል ክስ አይደለም። ያ የቆሰለው ባልደረባው በምርኩዝ መጥቶ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመና «መሪው ነው የተሰበረው» ብሎ መሰከረለት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለዚያች መኪና ማንም አንስቶ አያውቅም።

መገጣጠሚያዎቹን የሚበይድልኝ ሰው ሱቁ ገበያው ጀርባ ነው። ወላጆቹ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ ሶዶ የቀሩ ናቸው። አንድ ጠዋት ስገባ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና «አባትህ መጥተው ነበር» አለኝ።

«እዚህ? ምን ብለው?»

«ልጄ ስለ መሪው ምን ጠየቀህ ነው ያሉኝ። ምንም አልጠየቀኝም ብላቸው አላመኑኝም።»

እስከዚያ ቀን እኔ አባቴን አልጠረጠርኩም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አላስችል አለኝ። የሚደብቀው የሌለው ሰው አሻንጉሊት ለምን ይሰልላል? ከኮሌጅ ስመለስ የዕቃዎቼን አቀማመጥ ማስተዋል ጀመርኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተውኳት መኪና ወደ በሩ ዞራ አገኛታለሁ። ባለቤቴን ስጠይቃት «እኔን አታስገቡኝ፤ ሁለታችሁም እንደ ሌባ ነው የምትተያዩት» አለች።

አንድ ቅዳሜ ከወትሮው ቀድሜ ስገባ አባቴን እዚያው አገኘሁት። የመሪውን ዘንግ ፈትቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ያየዋል።

«ምን እያደረግክ ነው አባዬ?»

«አንተ ምን እያደረግክ ነው?» አለኝ። «ያቺኑ መኪና ሠርተህ፣ ያው መንገድ ላይ ልታወርዳት ነው። እኔን ልትመረምር ነው።»

በእውነት አስቤው አላውቅም ነበር። እሱ ከተናገረው በኋላ ግን ሌላ ማሰብ አልቻልኩም። ዘንጉን እጄ ላይ አስቀመጠና «ግጠመው። እንሄዳለን» አለ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪናዋን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትተን ሚኒባስ ተሳፈርን። አንቴናው ከከረጢቱ ወጥቶ ስለታየ አጠገቤ የነበረችው ሴት ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ኬላ ላይ አንድ ጠባቂ «ፍታው» አለኝ። ሽቦውንና ባትሪውን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«የማን ነው ይሄ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት አባቴ «የእኔ መኪና ናት» አለው።

ጠባቂው አባቴን አየ፣ መኪናዋን አየ፤ ጎማዋን በጣቱ አሽከረከረ። ሳያምነን አሳለፈን።

አባቴ ሚኒባሱን ያስቆመው ወደ ሃላሌ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ ከአንዲት ኩርባ ከፍ ብሎ ነው። ሪሞቱን ስሰጠው በሁለት እጁ ተቀበለኝ። መጀመሪያ መኪናዋ ተንገጫገጨችበት፤ ቆይቶ ግን ጣቱ ለመደ። ድንጋይ በድንጋይ እየመረጠ ሲያስወጣት ባሌስትራዋ ይታጠፋል፤ አንዱ ጎማ ሲንጠለጠል ሌላው ይይዛል። ያ እኔ የማውቀው ሹፌር ነበር፤ በተሰበረ መንገድ ላይ ሻይ ሳያፈስ ይነዳል የሚባልለት።

ከዚያ አዙሮ ወደ ኩርባው ቁልቁል ለቀቃት። ኩርባው ጋ ስትደርስ ጣቱን ከመሪው ላይ አነሳ፤ እያየኋት ቀጥ ብላ ሄዳ ሣሩ ውስጥ ተገለበጠች።

«አባዬ፣ መሪውን ለምን ለቀቅከው?»

«እንዲህ ነው የሆነው» አለኝ። «መሪው አልተሰበረም። አልጠጣሁምም። እንቅልፍ ወሰደኝ። ሌሊቱን ሙሉ ዘር ስናመላልስ ነበር ያደርነው።»

«ለምን እንደዚያ አላልክም?»

«የሰውየውን እግር አይቼ እንዴት ልበል? እሱም ተኝቶ ነበር። መሪው ነው አልኩት፣ አመነኝ። አምኖኝ ሽማግሌዎች ፊት ቆመ። ከዚያ በኋላ በየት በኩል ልመለስ?»

ሣሩ ውስጥ ገብቼ መኪናዋን አወጣኋት። ከፊት መስታወቷ በቀር ደህና ነበረች። እኔ የፈራሁት መጠጥ ነበርና እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ ግን አላልኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት አባቴ ራሱ ለብሶ ጠበቀኝ። ያ ባልደረባው ወደሚኖርበት ወደ ቢጠና ሄድን። የተቀቀለ ጎደሬ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር ቀርቦልን አባቴ ሳይቀምስ ሁሉንም ነገረው። ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማውና እጁን ታጠበ።

«ዛሬ ለምን ነገርከኝ?» አለው። «ምን ፈልገህ ነው የመጣኸው? ታመሃል?»

«አልታመምኩም።»

«ታዲያ ይሄ ልጅህ ምን ሊሆን መጣ? ምስክር ነው?»

አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ። ሰውየው ሊሸኘን አልተነሳም። በሩ ላይ ስደርስ ዞር ብዬ ሳየው እግሩን በሁለት እጁ እያሸ ነበር።

ነገሩ በዚያው አበቃ ብለን ነበር። ከወራት በኋላ ግን ሰውየው ስልክ ደወለ፤ ሰላምታም አላስቀደመም። «ስትነቃ መጀመሪያ ያየኸው ምንድነው?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ በረንዳው ላይ ብድግ ብሎ ቆሞ መለሰለት። አሁንም አልፎ አልፎ ይደውላል፤ ስለዚያ ቀን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅና ይዘጋል። አንዳንዴ የጠየቀውን ደግሞ ይጠይቃል፤ መልሱ ይለወጥ እንደሆነ የሚያጣራ ይመስለኛል። አባቴ ስልኩን ከአጠገቡ አያርቅም።