ለአንድ ኳስ የተቀመጡ ሽማግሌዎች

ባለፈው ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ በሚገኝ የስፖርት ዕቃ መደብር ውስጥ ቀይ የክሪኬት ኳስ አየሁ። የገባሁት ለልጅ ልጄ ስኒከር ፍለጋ ነበር። ኳሱን አንስቼ አሸተትኩት። የቆዳውና የቀለሙ ሽታ በደርግ ዘመን ወደነበረው ወደ ጎረቤታችን ወደ ሚስተር ኤልሮይ በረንዳ ወሰደኝ።

ቤታችን ዛሬ አትላስ በሚባለው ሰፈር ነበር። ያኔ ከግቢያችን ጀርባ ከብት የሚግጥበት ሰፊ ሜዳ ነበር፤ ዝናብ ሲያባራ የእርጥብ ሣርና የእበት ሽታ ሳሎናችን ድረስ ይገባል፣ ከላይ ደግሞ ወደ ቦሌ የሚወርዱት አውሮፕላኖች ጣሪያውን እያንቀጠቀጡ ያልፋሉ፤ አባቴም የጀመረውን ወሬ አቁሞ ጣቱን ቀስሮ ይጠብቅና፣ ድምፁ ሲርቅ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል።

ሚስተር ኤልሮይ ለአንድ የውጭ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ሆነው የመጡ፣ በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ረጅም ሰው ነበሩ። ከባርቤዶስ ደሴት እንደመጡ ደጋግመው ቢያስረዱም በሰፈሩ “ጃማይካው” ከመባል አልዳኑም። የሸንኮራ አገዳ ቆራጭ ልጅ ናቸው። በውቅያኖስ ዳር አሸዋ ላይ፣ ጨርቅ ጠቅልለው ሬንጅ በቀቡት ኳስ ጀምረው፣ መጀመሪያ ለደሴታቸው፣ ኋላም ለአካባቢው ደሴቶች ጥምር ቡድን ክሪኬት ተጫውተው እንግሊዝ ድረስ ሄደዋል። ሥራቸው ከሩቅ ተንደርድሮ፣ ክንድ ሳያጥፉ፣ ዱላ ይዞ ወደሚጠብቅ ሰው ኳስ መወርወር ነበር። ይህን ኋላ አጣርቻለሁ፤ አንዱ ኳሳቸው የእንጨት አጥር በስቶ ወጣ የሚለውን ግን የነገረችን ሠራተኛቸው ስለሆነች አላረጋገጥኩም። እናቴ ሥራቸውን ስትሰማ፣ “ሰው ላይ ኳስ ለወረወረም ደመወዝ አለ?” ብላ አባቴን ሁለት ጊዜ አስደግማዋለች።

አንድ የገና ዕለት የሰፈሩ ጎረምሶች በዚያ ሜዳ ላይ ገና ሲጫወቱ፣ ኳስ ያውቃሉ ብለው ለሚስተር ኤልሮይ ዱላ ሰጧቸው። እምቢ አሉ። በገና ጨዋታ መሰዳደብ እንደሚፈቀድ የታወቀ ነውና አንዱ ወዲያው አወረደባቸው፦

“ቁመቱ ባሕር ዛፍ፣ ክንዱ የብረት ዘንግ፣
ምነው ፈራ ጃማይካው ይቺን ትንሽ ጥንግ!”

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ስድቡን አለዝቦ ተረጎመላቸው፤ እሳቸውም ሳቁና ሳቃቸው መሃል ላይ ቆመ። ያን ዕለት ምሳ እኛ ቤት በልተው ለአባቴ የነገሩት ይህ ነው። መቺዎች የራስ መከላከያ በማያደርጉበት ዘመን የወረወሩት ኳስ አንድ የትሪኒዳድ ወጣት ፊት ላይ አርፎ አንድ ዓይኑን አጠፋው። ሊጠይቁት ሄደው ከሆስፒታሉ በር ተመለሱ፤ የቡድኑ አለቃ “ይቅርታ የጠየቀ ወርዋሪን ሁለተኛ የሚፈራው የለም” ብሏቸው ነበርና። ከዚያ ወዲህ ግን መቺውን ባዩ ቁጥር ክንዳቸው እየሰነፈ ጨዋታውን ተዉት።

እናቴ ሳህን እያነሳች አባቴን አስተርጉማ ሰምታ፣ ሳይመሽ ለዕድራችን ዳኛ ለአቶ ወልዱ አደረሰችው። ሰው አቁስሎ ሳይታረቅ የሚኖር ጎረቤት በሰፈሩ ታይቶ አይታወቅም። በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎች በግቢያችን ተቀመጡ።

አባቴ አፈረ። “ጨዋታ እኮ ነው አቶ ወልዱ። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባል የለ?”

“ጌታው አልተቆጣ ይሆናል” አሉ አቶ ወልዱ። “ማን ጠየቀው?”

በእርቅ ላይ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚቀርብ ሲተረጎምላቸው ሚስተር ኤልሮይ ከወንበራቸው ተነስተው የትኛውን እንደሚያነሱ በዓይናቸው ግቢውን ፈለጉ። “በዚህ ቁመት የወፍጮ ድንጋይ ነው የሚመጥናቸው!” አለ አንዱ ሽማግሌ። ተበዳይ በሌለበት ግን እርቅ የለም። አባቴ የሰውየውን ስልክ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ሚስተር ኤልሮይን ጠየቃቸው። ደውለውለት የማያውቁትን ቁጥር በቃላቸው አሉት።

መሀል ከተማ ወዳለው የስልክ መሥሪያ ቤት ሲሄዱ እኔ አልነበርኩም፤ የምጽፈው አባቴና አቶ ወልዱ ለየብቻ የነገሩኝን ነው፤ አይለያይም። ከረጅም ጥበቃ በኋላ መስመሩ ተገኘ፣ ሰውየው “ሃሎ” አለ፣ ሚስተር ኤልሮይ ግን ስማቸውን ብቻ ተናግረው ቆሙ። አቶ ወልዱ መነጋገሪያውን ነጥቀው፣ “ጌታዬ እንደምን አሉ? ስለ እግዚአብሔር ብለው ይማሯቸው!” አሉ፣ በአማርኛ፣ ባሕር ማዶ እንዲሰማ እየጮሁ። ሰውየው ማን እንደሆኑ ጠየቀ። አባቴ ተቀብሎ፣ “የሰፈራቸው ሽማግሌዎች ነን፣ ልናስታርቃችሁ ነው” አለው።

ሰውየው፣ “ከሆስፒታሉ በር ሲመለስ በቀረችኝ ዓይኔ በመስኮት አይቼዋለሁ” አለ። “ሲመጣ እጠብቀው ነበር። እስቲ እሱን ስጡኝ።”

አባቴና አቶ ወልዱ ወደ ውጭ ወጡ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም።

ሚስተር ኤልሮይ ደርግ ሳይወድቅ አገራቸው ገቡ። ሜዳው ላይ ዛሬ ሆቴሎች ቆመዋል፤ ገና የሚጫወት ጎረምሳ ቀርቶ ዱላው ከምን እንጨት እንደሚቆረጥ የሚያውቅ በሰፈሩ አላገኘሁም። አቶ ወልዱ የሉም፤ አባቴም የለም፤ ዕድሩ በስም አለ፣ ጎረቤቶቼን ግን የማውቃቸው በመኪናቸው ነው፣ ቢጣሉም ለማስታረቅ ማንን ከማን እንደማስቀምጥ አላውቅም።

ኳሱን ያየሁ ዕለት ማምሻውን፣ አባቴ ጽፎት የነበረውን ቁጥር ፈልጌ ደወልኩ። አይሠራም። እዚያ ወዳጅ ባለው የሥራ ባልደረባዬ በኩል የሰውየውን ሴት ልጅ ትሪኒዳድ ውስጥ አገኘኋት። እንደነገረችኝ ሚስተር ኤልሮይ ባርቤዶስ ውስጥ አርፈዋል። አባቷ ለቀብሩ በአውሮፕላን ሄዶ ነበር፤ የሬሳ ሣጥኑን ከፊት በግራ በኩል የተሸከመው እሱ ነው።