ለእናቴ መቀበያ የተሰፋልኝ ቀሚስ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ሲኒማ ራስ አጠገብ የስፌት መኪና ድምፅ ስሰማ ግን ልጅነቴ መጣብኝ።

እናቴ ለጥየቃ ወሎ ሄዳ ሳለች አክስቴ በስፌት መኪናዋ ጥቁር ቀሚስ ትሰፋልኝ ጀመር።

«እናትሽን አውቶቡስ ተራ ስንቀበል ትለብሽዋለሽ» አለችኝ።

«ለምን ጥቁር ሆነ፣ እትዬ?»

«ጥቁር ቆሻሻ አያሳይም።»

ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ እኔም እንዲደምቅልኝ ቢጫ ሻርፕ በኪሮሽ ሠርቼ ደረብኩበትና ለጎረቤቶች አሳየሁ። «አምሮብሻል» አሉኝ፤ አንዷ ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በማግስቱ ማለዳ አክስቴ ቀስቅሳ አለበሰችኝ። አውቶቡስ ተራ የምንሄድ መስሎኝ ሻርፔን ደረብኩ። ጎረቤቶቹ ግን ተሰብስበው ገቡና የእናቴን መርዶ ነገሩኝ። ከሞተች ሳምንት አልፏት ነበር፤ ሁሉም ያውቁ ነበር።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አልኳት።

አክስቴ ሻርፑን ከትከሻዬ እያወረደች፣ «ቀሚስሽ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ብዬ ነው» አለችኝ።