ኦላ ማለት ባልንጀራ አይደለም

ለመውለድ ሆስፒታል የሄድኩት በፍግ ጋሪ ነው። አዎ፣ እበት በሚጫንበት፣ ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ። ገፊው ደግሞ በዚያ ዘመን ዓይናቸውን ማየት የማልፈልገው ሰውዬ ነበሩ። እግዚአብሔር ቀልድ አያውቅም የሚል ካለ አምቦ ይምጣና እኔን ያናግረኝ።

ሰውዬው ጎረቤቴ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ኦቦ ልበላቸው፣ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት ነው። ጡረታ የወጡ የጭልሞ ደን ጠባቂ ናቸው፤ ደን መጠበቁ ሲያበቃላቸው ላም መጠበቅ ጀመሩ። ከተማ መሃል፣ ከእኔ ጋር በሚጋሩት አጥር ሥር፣ ላሞች! ጠዋት ጠዋት በረታቸውን ይጠርጉና ፍጉን በዚያ ጋሪ ጭነው በደጄ ያልፋሉ። ጎማው ዘይት የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ሲጢጥ፣ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ። ይህ የሚሆነው ደግሞ እኔ የተራራውን ስብከት ገልጬ ከጌታ ጋር በጸጥታ ልነጋገር ስቀመጥ ልክ በዚያች ሰዓት ነው። ስለ የዋሆች የሚናገረው ጋ ሳልደርስ የእኔ የዋህነት እልም ይላል።

ጩኸቱስ እሺ። ፍጉን የሚከምሩት አጥራችን ሥር ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ እያጠበ ወደ እኔ ግቢ ያወርደዋል፤ ሐምሌን ሙሉ ከቤት እስከ ውጭ በር የምሄደው በጣቶቼ ጫፍ ነው። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና አጥሩ ጋ ሄጄ፣ "ኦቦ፣ ይኼ ነገር ከዚህ ቢነሣ ምናለ?" አልኳቸው። ክምሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "ሆማ ሚቲ" አሉ፤ ምንም አይደል ማለታቸው ነው። እንዴት ምንም አይሆንም! የሚፈሰው እሳቸው ጫማ ላይ አይደለማ! ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ተቋረጠ። እውነቱን ለመናገር ያቋረጥኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው በአጥሩ ላይ "አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ?" ማለታቸውን አልተዉም። እሱ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኝ ነበር።

እኔ እንግዲህ በሥራዬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የቸርች አስተርጓሚ። ስብከቱ በኦሮምኛ ነው። ከየአገሩ ለመጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን እኔ ከሰባኪው ጎን ቆሜ ወደ አማርኛ አመጣላቸዋለሁ። አዲስ ዓለም ከተማ ስላደግኩ ሁለቱም ቋንቋዎች የእኔ ናቸው፤ ቤት በአማርኛ ተቆጥተውኝ፣ ደጅ በኦሮምኛ ተሰድቤ ነው ያደግኩት። ስለዚህ በአስተርጓሚነቴ እኮራለሁ። ሰባኪ ነገር ሲጠፋበት እንኳ ፈልጌ የማገኝለት እኔ ነኝ።

አንድ እሑድ ታዲያ ከሸነን የመጣ ወንጌላዊ ኦላን እንደ ራስ ስለመውደድ ሰበከ። ኦላ በኦሮምኛ አጥር የሚጋራሽ ሰው ነው፤ ጎረቤት። በየት በኩል ማምለጥ ይቻላል? የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን፣ ጌታ ይባርከውና፣ ባልንጀራ ነው የሚለው። በዛሬ አማርኛ ባልንጀራ ማን ነው? ጓደኛ ነዋ! አብሬው ማኪያቶ የምጠጣው፣ ሲደውልልኝ ደስ የሚለኝ። እሱንማ መውደድ ምን ያስቸግራል? ወንጌላዊው "ኦላ" ባለ ቁጥር እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ባልንጀራ" አልኩ። እንደዚያ ብሎ የጻፈው ሌላ ሰው፣ እኔ ምን አገባኝ።

ለካ ኦቦ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸውም የዚያው ቸርች ሰው ናቸው፤ አብዛኛውን ስብከት በእንቅልፍ ነው የሚያሳልፉት። ያን ቀን ግን ነቅተው ኖሯል፣ ያውም በሁለቱም ጆሯቸው። ሲያልቅ በሩ ላይ ጠበቁኝ።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። "ይኼ ኢየሱስ ይገርማል። በኦሮምኛ እኔ ቤት ይልክሻል፣ በአማርኛ ጓደኞችሽ ቤት።"

ብለውኝ ሄዱ። አጠገባችን የቆሙት፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁት፣ ሁሉም ሳቁ። እኔ እርር ድብን ብዬ "ጌታ ይባርክዎት!" አልኳቸው ከኋላቸው፤ እኛ ሰፈር ይህ ቃል አንዳንዴ ምን ማለት እንደሆነ የቸርች ሰው ያውቀዋል።

ያኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ ሞቶብኛል፤ ዘጠኝ ወር ተሸክሜው፣ ሆስፒታል ስደርስ ልቡ ቆሞ። ስለዚህ ሐኪሟ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ "የሽርት ውሃ ፈሰሰ ማለት ያኔውኑ መምጣት ነው፤ ልብስ ልቀይር እንኳ እንዳትዪ" ብላኛለች። ይቺኛዋንም ካጣሁ የምነሣ አይመስለኝም ነበር። ባሌ ሸነን ነው የሚያስተምረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚመጣው። ቢሆንም ባጃጅ ተነጋግረን፣ የሕፃን ልብስ አጥበን፣ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ነበር።

ከዚያ ተቃውሞ ተነሣና መንገድ ተዘጋ። በእነዚያ ዓመታት እዚህ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ይደረደራል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ግቢ ይገባል። ባሌ ሸነን ቀረ፤ ባጃጁም ግቢው ተቆለፈበት።

በሦስተኛው ጠዋት እንደልማዴ ገልጬ ተቀምጫለሁ። የደረስኩት ጠላትን ስለመውደድ የሚናገረው ጋ ነው፤ በሐሰት ብምል ምላሴ ይቆረጥ። ያን ጊዜ ወንበሩ ረጠበ። ስልኬን አነሣሁ። ባጃጁ፣ "እህቴ፣ ብወጣ ይሰብሩታል" አለኝ። አምቡላንስ የለም። የቸርች እህቶቼ ጋ ደወልኩ፤ አንዷ "በጸሎት እናስብሻለን" አለችኝ፣ ሁለተኛዋ "ጌታ ከአንቺ ጋር ነው" አለችኝ፣ ሦስተኛዋ በስልኩ ውስጥ ጮክ ብላ መጸለይ ጀመረችና ካርዴ አለቀ። ወይ ጉድ! ባልንጀሮቼ እነዚህ ነበሩ። መሬት ላይ ተቀምጬ ሆዴን ይዤ፣ "እባክህ ይቺን አትውሰድብኝ" እያልኩ አለቀስኩ።

ያን ጊዜ ሰማሁት። ሲጢጥ፣ ሲጢጥ።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። በሩን ይዤ ተነሣሁ። "ኦቦ" ልል ነበር አፌን የከፈትኩት፤ የወጣው ግን "ያ ኦላ!" ነው። ጎረቤት ሆይ!

ጋሪው ቆመ። ኦቦ ቀሚሴን አዩ፣ ፊቴን አዩ። ፍጉን እዚያው ገለበጡት። ደጄ ላይ፣ ልብ በሉ። ጋቢያቸውን አውልቀው ጋሪው ውስጥ አነጠፉና እንደ ጤፍ ጆንያ አንሥተው ጫኑኝ።

ያንን መንገድ ማን ይረሳዋል! ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ድንጋይ በመታ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። እኔ ለታላቅ ሰው በሕይወቴ ከ"አንቱ" ሌላ ወጥቶኝ አያውቅም፤ ሁለተኛው ምጥ ሲመጣ ግን "ቀስ በል አንተ ሰውዬ! ልትገድለኝ ነው እንዴ!" ብዬ ጮህኩባቸው።

"እሺ" አሉ፤ መግፋታቸውን ቀጠሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "ይኼ ጎማ ይጮሃል እኮ" አሉ፣ ዛሬ ገና እንደሰሙት ሁሉ።

"አሁን ነው የታወቀህ?!"

ድንጋዩ ጋ ስንደርስ መንገዱን የዘጉት ጎረምሶች ጋሪውን አዩ። አንዱ ሊስቅ ከጀለና ፊቴን ሲያይ ተወው። ድንጋዩን አንሥተው አሳለፉን፤ "ጀባዱ እህቴ፣ በርቺ" አሉኝ። ሦስተኛው ምጥ የመጣው እዚያው ላይ ነው። አዲስ ዓለም፣ የማርያም ደጅ ያደገች ልጅ ምን ትላለች? "ማርያም! ማርያም!" አልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። እኔ! የፕሮቴስታንት ቸርች አስተርጓሚዋ!

ኦቦ ሳይቆሙ፣ እያለከለኩ፣ "እሑድ ለሽማግሌዎቹ አልናገርም" አሉኝ።

እዚያ ጋሪ ውስጥ ነው የገባኝ። ወንበዴዎች ደብድበውት መንገድ ላይ ስለተጣለው ሰውና በአህያው ስለጫነው ባዕድ ጌታ የተናገረውን ስንት ጊዜ አስተርጉሜዋለሁ። ስንሰማው ሁላችንም አህያውን የምንነዳው እኛ ነን፤ ደግ፣ ርኅሩኅ፣ ዘይትና ወይን በእጃችን። አንድም ቀን ጭነቱ እኔ እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የተጫነው ሰው የሚጭነውን አይመርጥም፤ የሚጠላው ሰው ይሁን፣ እበት ይሽተት አይሽተት፣ ማን ጠይቆት? ለካ መውደድ ቀላሉ በኩል ነው፤ መጫኑ ነው የሚከብደው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው ጋሪውን አይቶ፣ "በዚህ በኩል ዕቃ አይገባም" አለ። ኦቦ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። ደን ውስጥ ዛፍ ቆራጭ ያባርሩበት በነበረው ድምፅ ምን እንዳሉት አላስተረጉምም፤ ዘበኛው ግን በሩን በሁለት እጁ ከፈተው።

እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ሰማያዊ ሆና ነው የወጣችው፣ ድምፅ የላትም። ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ ያንን ዝምታ አውቀዋለሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ አለቀሰች። ቀጭን፣ የተናደደች ልቅሶ። ሐኪሟ ታቅፋ እያመጣችልኝ፣ "ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ..." ብላ ተወችው። ኦቦን አስጠራኋቸው፤ ላሞቹ አልታለቡም ብለው ሄደዋል።

ተመልሼ ከሰባኪው ጎን የቆምኩት ልጄ ሳቅ ከጀመረች በኋላ ነው። "ኦላ" የሚለው ቃል መጣ። "ጎረቤት" አልኩ። ሲያልቅ አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ መጣና፣ "እህቴ፣ ባልንጀራ ነው የሚለው" ብሎ በትሕትና አረመኝ። "አንተ ገና አልተጫንክም" አልኩት። ግራ ገብቶት ሄደ።

ኦቦስ? ክምሩን ከአጥሩ አላነሡትም፤ ሐምሌም እንደ በፊቱ በጣቶቼ ጫፍ አለፈ። ግን አንድ ጠዋት ጋሪው ሲያልፍ ድምፅ የለውም። ግራሶ ቀብተውታል! ለእኔ ብለው፣ ለጸሎቴ። በጸጥታው ውስጥ መጽሐፍ ቅዱሴን ገልጬ ተቀመጥኩ። ልጄ ነቃች። አለቀሰች፣ ጡት ሰጠኋት፣ አልያዘችም። አዘልኳት፣ አልተኛችም። በማግስቱም እንደዚያው፣ ከዚያም በኋላ። ያ የጋሪው ጩኸት ሆዴ ውስጥ ሆና በየማለዳው ስትሰማው የኖረችው እንደሆነ ለመረዳት ብዙ እንቅልፍ አጣሁ።

እሷን እንዳዘልኩ፣ ዓይኔ ቀልቶ፣ በኦቦ በር ገባሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ። በረታቸውን እየጠረጉ ነበር።

"ኦቦ፣ ጋሪው እንደ በፊቱ ይጩህልኝ" አልኳቸው። "እባክዎን።"

መጥረጊያቸውን ተደግፈው እኔንም ልጄንም አዩን። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ አለ።

"ዛሬ በየትኛው ቋንቋ ነው የመጣሽው?" አሉኝ።

"በኦሮምኛው" አልኳቸው።

ጨርቅ አነሡና ጎንበስ ብለው ግራሶውን ይጠርጉ ጀመር።